በቀን የበራው አምፖል

አንድ አከራይ ነበረ። ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ጉልበቱን መኪናው በልቶታል። ግቢው ውስጥ ሦስት ክፍል ያከራያል። ለሦስቱም ክፍልና ለራሱ ቤት ያለው ቆጣሪ ግን አንድ ነው፤ እሱም በካርድ የሚሞላ።

የካርድ ቆጣሪን ነገር ታውቀዋለህ። ቀድመህ ከፍለህ ካልሞላኸው ያልቃል። ሊያልቅ ሲል ይጮኻል፤ ጩኸቱን ካልሰማህ ግቢው ሁሉ ጨለማ ነው። እናም ቆጣሪው በጮኸ ቁጥር ይህ ሰው በየበሩ እየዞረ መዋጮ ይሰበስባል።

አስተማሪው በሩን ከፈት አድርጎ «ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት አይደል እንዴ የሰጠሁት? እኔ ያለችኝ አንዲት አምፖል ናት፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚያበስሉትን ይጠይቁልኝ» ይላል። በምድጃ የሚያበስሉት ሁለት ወንድማማቾች ደግሞ «የአስተማሪውስ ካውያ? ያችን አንድ ሸሚዝ ስንቴ ነው የሚተኩሳት?» ይላሉ። ጓሮ፣ ከውሃው ታንከር ኋላ፣ እትዬ ዘርፌ የሚባሉ አሮጊት ብቻቸውን ይኖራሉ። እሳቸው አይከራከሩም፤ ግን አይለቁትም። «ደጅ ቆሞ የሚቀበል ለማኝ ነው፤ ግባና ተቀመጥ» ይሉታል። የነጠላቸውን ቋጠሮ እስኪፈቱ፣ ስለ ወገባቸው ሲያወሩ፣ ስለ ልጃቸው ሲያወሩ ረፋዱ ያልፋል። ከዚያ ደግሞ ካርድ የሚሞላበት ቢሮ ሰልፉ አለ። ተራው ሲደርስ «ሲስተም የለም» ይባላል።

ደከመው። ሰው አይደል? «ጌታዬ ሆይ፣ ከዚህ ዙረት ገላግለኝ» ብሎ ጸለየ።

አማቹ ባንክ ቤት ይሠራል። «አባባ፣ ምን አለፋዎት?» አለው። «ቆጣሪው በወር የሚነበበው ይሁንልዎ። የበላውን ያህል ባንኩ ራሱ ከሂሳብዎ ቆርጦ ይከፍላል። ተከራዮቹም የመብራቱን ከኪራዩ ጋር አንድ ላይ በባንክ ያስገቡልዎ።»

እንዳለው ተደረገ። እውነቱን ለመናገር፣ እረፍት ነበር። ጩኸት የለም፤ ሰልፍ የለም፤ ክርክር የለም። የእትዬ ዘርፌንም ልጃቸው ከሚሠራበት ከተማ ሆኖ ቀኑን ሳያሳልፍ ያስገባል፤ ካርዱ መቅረቱን ለእሳቸው የነገራቸው ግን የለም። ሰውየው እግዚአብሔርን አመሰገነ። አንድ ወር አለፈ፤ ሁለት ወር አለፈ፤ የማንንም በር አላንኳኳም።

በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ጠዋት ውሃ ሊቀዳ ወደ ጓሮ ሄደ። ፀሐይ ወጥቶ ሳለ በእትዬ ዘርፌ መስኮት አምፖል ይበራል። በካርዱ ጊዜ ቢሆን «ኧረ ያጥፉት፣ እያለቀ ነው!» ብሎ በሩን በደበደበ ነበር። አሁን ግን «ይብራ፤ ባንኩ ይከፍላል» አለና ባልዲውን ይዞ ተመለሰ።

በማግስቱም በርቷል። ባልዲውን ሞልቶ ጥቂት እንደሄደ ምን እንደያዘው እንጃ፣ መልአክ ይሆናል፣ ቆመ። ባልዲውን አስቀምጦ ተመለሰና አንኳኳ። መልስ የለም። ገፋ ሲያደርገው በሩ ተከፈተ። እትዬ ዘርፌ ከአልጋው ሥር ወድቀዋል። ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩትና፣

«ካርዱ አለቀ እንዴ?» አሉት።

ሰውየው አጠገባቸው በርከክ አለ።

«ሲያልቅ ትመጣለህ ብዬ እኮ ነው» አሉ። «ከትናንት ጀምሮ እንዲያልቅልኝ ስጸልይ ነበር።»

ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ከዚያ ወዲያ ግን በእግራቸው አልቆሙም።

ሰውየው ወደ ካርዱ አልተመለሰም። ጉልበቱን ከየት ያምጣ? ባንኩም እንደ ወትሮው ይቆርጣል። ሰውየው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በየበሩ ያንኳኳል። የመጀመሪያው ቀን አስተማሪው በሩን ገርበብ አድርጎ «ጋሼ፣ ደግሞ ምን ተጨመረ?» አለው።

«ምንም። ደህና መሆንህን ለማየት ነው።»

አስተማሪው አላመነውም። ጭማሪው በሚመጣው ሳምንት ይነገረኛል ብሎ ሲጠብቅ ከረመ።

አንተም ልጄ፣ «ድሮ በየወሩ እየሄድኩ ለእናቴ በእጇ እሰጣት ነበር፤ አሁን ባንኩ ራሱ ቆርጦ ይልክላታል፤ አንድ ቀን እንኳ አልዘገየም፤ ታዲያ ለምን አኮረፈች?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ባንኩን አልነቅፍም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ አውቶቡሱ አድካሚ ነው፣ አንተም የልጆች አባት ነህ፤ ድካምን እኔ አውቀዋለሁ። ገንዘቡ እንደ አከራዩ መብራት ሳይቋረጥ እየደረሳት ነው። ግን ገንዘቡ መድረሱን እንጂ እሷ መቆሟን ባንኩ አይነግርህም። የድሮው መንገድ ገንዘብ ማድረሻ ብቻ መስሎህ ነበር፤ እናትህን ታይ የነበረው በዚያው ነው። ገንዘቡን ባንኩ ይላክ፤ ተወው። ማየቱን ግን የሚሠራልህ የለም።

ነገ እሁድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ እኔ ዘንድ አትምጣ፤ እሷ ዘንድ ሂድ።