ወንዳፍራሽ ያየው ስንጥቅ

አንድ ወንዳፍራሽ የሚባል ሰው ነበር። በሪሞት የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖችን በእጁ ይሠራል። ጣውላ ይፍቃል፣ በኮላ ያጣብቃል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኛው ከሲራክ ጋር ሜዳ ወጥቶ ያበርራቸዋል። ሰዉም ቆሞ እያየ እጁን ያደንቅለት ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን የሲራክ እህት ከውጭ አገር ተሠርቶ ያለቀ አውሮፕላን ላከችለት። ቀይ ነው፤ ያብረቀርቃል። ሜዳው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ እሱን ከበበ። የወንዳፍራሽን አውሮፕላን ሣሩ ላይ እንደተቀመጠ ዞር ብሎ ያየው የለም።

ወንዳፍራሽን ቅናት ያዘው። "እኔ ክረምቱን ሙሉ ስፍቅ ከርሜ፣ እሱ ካርቶን ከፍቶ ይመሰገናል" አለ በልቡ።

ሲራክ ግን ቀዩን አውሮፕላን ይዞለት መጣ። "ወንዴ፣ አንተ ታውቅበታለህ፤ ሳይነሣ ፈትሽልኝ።"

ወንዳፍራሽ ክንፉን ነቅነቅ አደረገው፤ ደህና ነው። ሞተሩን ሲነካው ግን ሞተሩ የታሰረበት እንጨት ተሰንጥቆ አገኘው። ትንሽ ኮላና አንዲት ስንጥር እንጨት ይበቃው ነበር። ኮላው ደግሞ ኪሱ ውስጥ ነው።

"እንዴት ነው?" አለ ሲራክ።

"የፋብሪካ ዕቃ ምን ይሆናል ብለህ ነው? ይልቅ አስነሣው፣ ሰው እየጠበቀህ ነው።"

ሲራክ ሳቀና ሪሞቱን አቀበለው። "መጀመሪያማ አንተ ነህ የምታበርረው። እህቴም 'ለሁለታችሁ ነው' ብላለች። እኔ ከያዝኩት ዛፍ ላይ ነው የምሰቅለው።"

ወንዳፍራሽ ሪሞቱን ተቀበለ። አሁን ቢናገር፣ "ቅድም ለምን ደበቅከኝ?" ሊባል ነው። አፈረና አስነሣው። አውሮፕላኑ ከሰው ራስ በላይ ከፍ እንዳለ ሞተሩ ተገንጥሎ ወደቀ። አካሉም ተከትሎት መሬት ላይ ተከሰከሰ።

ሲራክ ሮጦ ስብርባሪውን ለቃቀመ። ከዚያ ተመልሶ የጓደኛውን ትከሻ ያዘ።

"አይዞህ ወንዴ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም። አንተማ ፈትሸህልኝ ነበር።"

ቢሰድበው ይቀለው ነበር። "ስንጥቁን አይቼ ነው ዝም ያልኩህ" አለ ወንዳፍራሽ፣ አንገቱን ደፍቶ። ያን ጊዜ ነው እጁን ወደ ኪሱ ሰዶ ኮላውን ያወጣው።

ወገኖቼ፣ የሰውን ስንጥቅ በማየት ቅናትን የሚቀድመው የለም። ነገር ግን እግዚአብሔር ዓይናችንን ያን ያህል ስለታም ያደረገው እንድንጠግንበት እንጂ የሰው ውድቀት እንድንጠብቅበት አይደለም። ለመሆኑ እኛስ፣ ኮላው ኪሳችን ውስጥ እያለ የማንን ስንጥቅ አይተን ዝም ብለን ይሆን?