በአንድ ዘንግ የተለኩ ትከሻዎች

በቀረችኝ አንዲት ጥርስ እምላለሁ፣ አለቃ ደባልቄ፣ ይህን አታምነኝም። ባታምነኝም ስማኝ፤ የጠየቅኸኝ አንተ ነህ። ወደ ጤና ጣቢያው ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ላይ ድንጋይ የሚያነጥፉ ሠራተኞች ልትቀጥር መጣህ፣ ሰዉም ይኸው ከፊትህ ተሰልፏል። ሴቱንም፣ ሽማግሌውንም፣ ከወንዝ ማዶ የመጣውንም፣ ያንን እግሩን የሚያነክሰውን ይርዳውንም አንድ ላይ ብቀጥር ሥራዬ አይበላሽም ወይ አልኸኝ። ስምህ ደባልቄ ሆኖ መደባለቅ መፍራትህ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው፤ እሱን ግን ትቼልሃለሁ።

አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ነበረ። ጎጆው ከመስፋቱ የተነሳ ከበሩ ተነስቶ ምድጃው ጋ የሚሄድ ሰው ስንቅ ይቋጥር ነበር። ክረምት ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ቤቱ የቆመበት መሬት ተሰነጠቀ። ሰውዬው ሥሩ ገደል ከሆነ ተዳፋት ማዶ አዲስ ግድግዳ አቆመ፤ ለጣራ የሚሆን ሣር ግን በዚያ ዓመት ከአገሩ ጠፍቶ ነበር። የቀረው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ አሮጌውን ጣራ እንዳለ አንስቶ፣ ተዳፋቱን አግድም ተሻግሮ፣ አዲሱ ግድግዳ ላይ መድፋት። ጣራው ገደል ከገባ ሚስቱና ዘጠኝ ልጆቹ ሰማይ ለብሰው ሊከርሙ ነው።

አገሬው ሊረዳው መጣ። ሰውዬው ግን ዘንግ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። የእያንዳንዱን ትከሻ ለካና ከዘንጉ ጋር ልክ የመጡትን አርባ ሰዎች ተቀበለ፤ ያጠረውንም የረዘመውንም መለሰ። ሸክም እኩል የሚሆነው ተሸካሚው እኩል ሲሆን ነው አለ። አነጋገሩ አምሮ ስለነበር ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

ከተመለሱት ሃያ የሚሆኑት ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ሦስቱን ልንገርህ። አንዱ በጣም ረጅም ነው፤ ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ያረጥበውና፣ ታች እኛ ጋ እስኪደርስ የተሰጣ እህል እናስገባለን። አንዷ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ከማጠሯ የተነሳ እንስራ ስትሸከም እንስራው ብቻውን የሚሄድ ይመስላል። እሷንማ ሰውዬው ሊለካትም አልፈለገም፤ የሸክላ ሠሪ እጅ ጣራዬን አይነካም አላት። ሦስተኛው አንድ እግሩ ያጠረ ሰው ነው።

አርባዎቹ ጣራውን አነሱት። ሜዳው ላይ እንዴት አማረባቸው መሰለህ፤ ጣራው ላይ የተኛችው ድመት እንኳ አልነቃችም። ሰውዬው ደስ ብሎት ዘንጉን ሳመ።

ከዚያ ተዳፋቱ ላይ ደረሱ። ከላይ በኩል ያሉት ትከሻቸው ከፍ አለ፤ ከታች በኩል ያሉት ዝቅ አለ። ጣራው ወደ ገደሉ አዘነበለ። ድመቷ ነቅታ ዘለለች። ሰውዬው እኩል ሁኑ፣ እኩል ሁኑ እያለ ጮኸ። ሰዎቹማ እኩል ነበሩ፤ ጣጣው ራሱ እኩልነታቸው ነበር።

ያኔ ሸክላ ሠሪዋ ተነሳች። ማንንም አላስፈቀደችም። ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ ተዳፋት አፈር የተሸከመች ሴት ናት። ከላይ በኩል ገብታ ሁለት ጎረምሶች በክርኗ አስወጣችና የጣራውን ጠርዝ ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። አጫጭሮቹን ወደ ላይ፣ ረጃጅሞቹን ወደ ታች ጠራቻቸው። ሰውዬው ሊመታት ዘንጉን አነሳ። እሷ ፊቷን እንኳ አላዞረችም።

«ጌታው፣ ወይ ዘንጉን ጣል፣ ወይ ጣራውን።»

ሰውዬው ጣራውን አየ። ዘጠኙን ልጆቹን አየ። ዘንጉን ጣለ፤ እየተንከባለለ ገደል ገባ።

አጭሩ ከላይ፣ ረጅሙ ከታች ሲሆን ጣራው ተስተካከለ። አንድ እግሩ ያጠረው ሰው ያጠረችውን እግሩን በላይ በኩል፣ የረዘመችውን በታች በኩል አድርጎ ከፊት ሆኖ መራቸው። አታምነኝም፤ በዚያ ተዳፋት ላይ ቀጥ ብሎ የሄደ እሱ ብቻ ነው፣ የቀረው አገር ሁሉ ሲያነክስ ዋለ። አንድም ሰው ትከሻውን ሳያወጣ፣ ጣራውን አድርሰው ደፉት። አንዲት ሣር አልረገፈችም። ረጅሙ ሰው «ዝናቡ መጣ፣ ራሴን ነካኝ» ብሎ ወደ ሰማይ ሲያይ፣ የሰውዬው ሚስትና ልጆቹ ቤት ገብተው ነበር።

እንግዲህ አለቃ ደባልቄ፣ ያ ሀብታም አንተ ነህ። ጣራው የተሰጠህ ሥራ ነው። ዘንጉን ደግሞ በዓይንህ ይዘኸዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ የሰዉን ክንድና እግር ስትለካ አይቼሃለሁ። አንድ ዓይነት ሰው ብቻውን የሚበቃው ሜዳ ላይ ነው። ያንተ ሥራ ግን... ይኸው፣ ልጨርስልህ ስል ይርዳው ከሰልፉ መሃል ከአፌ ነጠቀኝ፤ የሚልህን ስማው፦

«አለቃ፣ እግሬን ተወውና መንገድህን ለካ።»