የድልነሳ ተራ

በእኛ ቀዬ፣ ከማኅበር እወጣለሁ ብሎ ለሚያኮርፍ ሰው ሽማግሌዎች የሚወረውሯት አንዲት ቃል አለች። ማንም ተቀምጦ አላሰባትም፤ ከድልነሳ ጋን ነው የተቀዳችው።

ድልነሳ ንብ አርቢ ነው፤ ከሌላ አገር መጥቶ እዚህ ከሰፈረ አራት ዓመቱ ነበር። ጠጅ ሲጥል እጁ የተባረከ ነው። ምን ያደርጋል፣ የሚጠጣው ብቻውን! ሚስቱን ይታይሽን አንድ ቀን አንገሸገሻት።

«ከንብ በቀር ወደዚህ ቤት የሚመጣ የለም! ሰው ናፈቀኝ። እንደ አገሬው ጠጅ ማኅበር ለምን አንገባም?»

«አንዴ ደግሶ አሥራ አንድ ጊዜ መጠጣቱስ ባልከፋ» አለ ድልነሳ፤ «ግን የማንም እጅ ያበላሸውን ልጠጣ?»

እያጉረመረመ ገባ። ከእሱ ጋር አሥራ ሁለት ሆኑ። በየወሩ አንዱ ቤት ይደገሳል፤ የቀረበውን መጠጣት ነው እንጂ መምረጥ የለም። የድልነሳ ምላስ ግን አላረፈችም። የአንዱን «ቀጠነ»፣ የሌላውን «ኮመጠጠ» ይላል። የአንዱን ማኅበርተኛ፣ የዘገየን፣ ጠጅ ቀምሶማ «ይሄስ ብርሌ ማለቅለቂያ ነው» ብሎ ሰውየውን በሰው ፊት አሳፈረው። ዘገየ ነገሩን ዋጥ አድርጎ ለሌሎቹ መቅዳቱን ቀጠለ።

የድልነሳ ተራ ደረሰ። ጠጅ እንዴት እንደሚጣል ላሳያቸው ብሎ፣ ጠንከር እንዲል ለይታይሽ ሳይነግራት አንድ እፍኝ ገሾ ጨመረ። ይታይሽም ባሌ እንዳያፍር ብላ፣ ሳትነግረው ሌላ እፍኝ ጨምራለች። በዋዜማው ቢቀምሱት እሬት ሆኗል፤ ሌላ ለመጣል ደግሞ ጊዜ የለም።

«ታሟል በያቸው» አለ ድልነሳ፣ ላብ እያጠመቀው።

«ገና ሰው አገኘሁ ስል? እኔ አልዋሽም። ነገ ተነሥተህ ትቀዳለህ!»

በማግስቱ ማኅበርተኛው መጣ። ድልነሳ ቀዳ። መጀመሪያ የቀመሱት የማኅበሩ መሪ፣ ሽማግሌው አያ ንብረት ናቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ድልነሳ፣ ይህን ሁሉ ገሾ ማን ጨመረው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔም ጨምሬያለሁ» አለች ይታይሽ ከጓዳ ብቅ ብላ።

ባልና ሚስት ተያዩ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ድልነሳ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ያን ጊዜ ዘገየ ተነሣ። የዚያን ቀኗን ስድብ ሊመልስለት ነው ብሎ ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ዘገየ ግን ብርሌውን ጨልጦ ባዶውን ዘረጋ።

«ይሄስ ለማለቅለቂያም አይሆን፤ ብርሌውን ይሰነጥቀዋል» አለ። «በል ድገመኝ! የወንድሜን ጠጅ ትቼማ አልሄድም።»

ድልነሳ ሳቀ፤ እየሳቀም እንባው መጣ። በዚያ ጠጅ እየተሳሳቁ፣ ፊታቸውን እያጨማደዱ ጋኑን ጨረሱት። ድልነሳ እንግዶቹን ደጃፍ ድረስ ሲሸኝ፣

«አያ ንብረት፣ አራት ዓመት ሙሉ ማር የመሰለ ጠጅ ጠጣሁ፤ እንደ ዛሬው ግን ጥሞኝ አያውቅም» አላቸው።

ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው፣ አፋቸው ገና እንደ መረረ፣ «ታዲያስ ልጄ፣ ለብቻ ከሚጥም ማር፣ ከሰው ጋር ይምረር» አሉት።