አንጓች፣ ማኅተሙና ያልተፈታው ገመድ

ተረት ተረት። የዚህች ተረት በረት የላም አይደለም፤ የመርከብ ነው። በረቱ ያለው በጀርመን አገር፣ ኤልበ በሚባል ወንዝ ዳር ነው፤ ስሙም ሃምቡርግ። በዚያ በረት አንጓች የምትባል የባሕር ዳር ልጅ ነበረች። አንጓች አንድ ነገር ፈለገች። ትንሽ ነገር። አንዲት ቀይ ማኅተም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያች ከተማ የሴቶች ሩጫ ነበር። እንደ ሌላው ሩጫ አይደለም፤ መንገዱ አይነገርም። ሴቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይወጣሉ፤ አንድ ካርታና አንድ ካርድ ይሰጣቸዋል። ከተማውን እያሰሱ አሥራ ሁለት ቦታ ይደርሳሉ፤ በየቦታው የታዘዙትን ሠርተው ካርዳቸው ላይ ማኅተም ያስመታሉ። አሥራ ሁለቱን ቀድሞ የሞላ ጥንድ ሁለት ብስክሌት ይሸለማል።

አንጓች ብስክሌት ያስፈልጋታል። ከወንዙ ማዶ ዳቦ ቤት ሥራ አግኝታለች። ሥራው የሚጀመረው አውቶቡስ ሳይነሣ ነው። ባለቤቱ፣ «ብስክሌት ካለሽ ሰኞ ነይ፤ ከሌለሽ ሌላ ሰው እጠራለሁ» ብሏታል። ዛሬ ቅዳሜ ነው። መንዳቱንስ ታውቃለች፤ በባሕር ዳር ዘንባባ ሥር ስትጋልብ ነው ያደገችው። የጎደላት ብስክሌቱ ብቻ ነው።

ጥንዷ የአክስቷ ልጅ ብርዛፍ ናት፤ በአሥር ዓመት ትበልጣታለች። ብርዛፍ ሃምቡርግ አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። «ከተማውን ለእኔ ተይው» ብላ ነበር። ሦስተኛው ቦታ ላይ አንጓች፣ «እታለም፣ ይሄ ሁሉ ግንብ ምንድን ነው?» አለቻት።

«እኔ የማውቀው ቤቴንና የሆስፒታሉን ልብስ ማጠቢያ ነው» አለች ብርዛፍ እያለከለከች። «ከተማውን ዛሬ ነው ያስተዋወቁኝ።»

ሮጡ። በወንዙ ሥር በተቆፈረው አሮጌ ዋሻ ሮጡ፤ ከራሳቸው በላይ መርከብ እንደሚያልፍ ሲነገራቸው አንጓች ቀና ብላ ጣራውን አየች፣ የሚታይ ይመስል። በቀይ ጡብ መጋዘኖች መካከል ሮጡ፤ መጋዘኖቹ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ቆመዋል፤ የቅመም ሽታ አላቸው። የትልቁን ቤተ ክርስቲያን ግንብ ደረጃ ወጡ፤ ከላይ ሲያዩት ወደቡ የክሬን ጫካ ነው። «ጣና ይሄን ቢያይ ያፍር ነበር» አለች አንጓች። «ጣና ክሬን አይፈልግም፤ ሩጪ» አለች ብርዛፍ። በየቦታው ማኅተሙ ጧ አለ። ጧ። ጧ። አሥራ አንድ ጊዜ። ከፊታቸው ማንም አልነበረም።

አሥራ ሁለተኛው ጠረጴዛ በአንድ ቦይ ዳር ነበር፣ እየተነሣ ከሚወርድ ድልድይ አጠገብ። ጠረጴዛው ላይ ማኅተም፣ ከጠረጴዛው ኋላ ደወል፣ በመካከላቸው ጌዚነ የምትባል ወፍራም ሴትዮ። ሥርዓቱ ቀላል ነው። ሁለቱም ዓሣ የገባበት ዳቦ ይበላሉ፣ ማኅተሙ ይመታል፣ ደወሉ ይደወላል፣ አለቀ።

ዓሣ የገባበት ዳቦ ገና ሁለት ብቻ ነበር። ብርዛፍ አንዱን ተቀብላ ጎረሰች። ጌዚነ ሌላውን ለአንጓች ዘረጋች። «ትበያለሽ?»

አንጓች ጨዋ አሳዳጊ አላት። በአንድ ጥሪ አትበላም። አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «አይ፣ ይቅርብኝ፣ ጠግቤያለሁ» አለች። ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀች። በሦስተኛው ልትቀበል ነበር።

ሁለተኛ ጥያቄ አልመጣም። ጌዚነ፣ «እንግዲያው እኔ ልብላው፤ ከጧት ጀምሮ አልቀመስኩም» አለችና በሦስት ጉርሻ ጨረሰችው።

ብርዛፍ አፏ እንደ ሞላ እጇን አወናጨፈች። ስትውጥ ዳቦው የለም።

«ምን አልሻት?»

«ጠግቤያለሁ አልኳት።»

«ማን እንዲለምንሽ ነው? እዚህ አገር አይ ካልሽ አይ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት በየሰው ቤት እየተጋበዝኩ ስራብ ነው የከረምኩት።»

«ታዲያ አትነግሪኝም ነበር?»

«አፌ ሞልቶ?»

አንጓች ወደ ጌዚነ ዞረች። «ማኅተሙን ምቺልኝ።» ጌዚነ ከልቧ አዘነች፤ ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው። «ዳቦ ካልተበላ አይመታም። ዳቦ አለኝ፤ ዓሣ አለቀብኝ።» እነሆ ዳቦ ጉሮሮ አልወርድም አለ፤ ማኅተም ካርድ አልመታም አለ። አንጓች ሮጠች።

ዓሣ ሻጩ ጋ ሮጠች። ዓሣ ሻጩ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። «ዓሣ ስጠኝ፤ ዓሣ ዳቦ ይግባ፣ ዳቦ ጉሮሮ ይውረድ፣ ማኅተም ካርድ ይምታ።» ዓሣ ሻጩ ክዳኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «በዚህ ሙቀት? በረዶ ሳይመጣ አልከፍትም።» እነሆ ዓሣ ዳቦ አልገባም አለ፤ ዳቦ ጉሮሮ አልወርድም አለ፤ ማኅተም ካርድ አልመታም አለ። አንጓች ሮጠች።

በረዶው ከቦዩ ማዶ ነበር፣ በአንዲት ሴትዮ ጋሪ ላይ፤ ከጋሪው ውሃ ይንጠባጠባል። በመካከሉ ድልድዩ እንደ ተነሣ ክንድ ሰማይ ላይ ቆሟል። አንጓች ከዚህ ማዶ ጮኸች። «በረዶ አምጪልኝ፤ በረዶ ዓሣ ያቀዝቅዝ፣ ዓሣ ዳቦ ይግባ፣ ዳቦ ጉሮሮ ይውረድ፣ ማኅተም ካርድ ይምታ።» ባለ ጋሪዋ ከዚያ ማዶ ጮኸች። «በረዶዬ ይቀልጣል እንጂ አይበርም። ድልድዩን ንገሪው።» እነሆ በረዶ ዓሣ አላቀዘቅዝም አለ፤ ዓሣ ዳቦ አልገባም አለ፤ ዳቦ ጉሮሮ አልወርድም አለ፤ ማኅተም ካርድ አልመታም አለ።

በዚያው ሰዓት ከጋሪው ኋላ ሁለት አረንጓዴ ኮፍያዎች ብቅ አሉ። ረጃጅም ልጆች ናቸው፤ ካርዳቸው ላይ አሥራ አንድ ማኅተም አለ።

«መጡልሽ» አለች ብርዛፍ። «ቅልጥማቸውን አየሽው? ድልድዩ ከወረደ እነሱም ይሻገራሉ።»

«በረዶውም ይሻገራል» አለች አንጓች። ሮጠች።

የድልድዩ ጠባቂ በመስተዋት ክፍሉ ውስጥ ሻይ ይጠጣል። «ድልድዩን አውርድልኝ፤ ድልድይ በረዶ ያሻግር፣ በረዶ ዓሣ ያቀዝቅዝ፣ ዓሣ ዳቦ ይግባ፣ ዳቦ ጉሮሮ ይውረድ፣ ማኅተም ካርድ ይምታ።» ጠባቂው በመስኮቱ ወደ ታች አመለከተ። «ሥሩ ጀልባ ቆሟል። ጀልባው ላይ ላውርደው?» እነሆ ድልድይ በረዶ አላሻግርም አለ፤ በረዶ ዓሣ አላቀዘቅዝም አለ፤ ዓሣ ዳቦ አልገባም አለ፤ ዳቦ ጉሮሮ አልወርድም አለ፤ ማኅተም ካርድ አልመታም አለ። አንጓች ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች።

የጀልባው ካፒቴን ጉንጯ የቀላ ሴት ናት፤ መሪውን ይዛ ታፏጫለች። «ጀልባሽን አውጪልኝ፤ ጀልባ ከድልድይ ሥር ይውጣ፣ ድልድይ በረዶ ያሻግር፣ በረዶ ዓሣ ያቀዝቅዝ፣ ዓሣ ዳቦ ይግባ፣ ዳቦ ጉሮሮ ይውረድ፣ ማኅተም ካርድ ይምታ።»

«ታስሬ እንዴት ልውጣ?» አለች ካፒቴኗ። «ገመዱ ረጥቦ ጠብቋል። የሚፈታው ይርዳው የሚባለው ሠራተኛዬ ነው፤ እሱ ደግሞ ዛሬ እጁ አልሠራ ብሎታል። ምሳውን የባሕር ወፍ ነጠቀችው። ከምሳዬ ግማሹን ሰጠሁት፤ አይ አለኝ። ሠላሳ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ሁልጊዜ አይ ነው የሚለኝ።»

ብርዛፍ ይህን ስትተረጉም ድምጿ ዝግ አለ። አንጓች፣ «ስንት ጊዜ እንደ ጠየቀችው ጠይቂያት» አለች።

ካፒቴኗ ግራ ገባት። «ሰው ስንት ጊዜ ይጠየቃል? አንድ ጊዜ ነዋ።»

አንጓች ወደ ገመዱ ሮጠች። ገመዱ ከታሰረበት ብረት አጠገብ ጠይም ሽማግሌ ተቀምጧል፤ ሰማያዊ ቱታ ለብሷል፤ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ።»

ቀና ብሎ አያት። «አበሻ ነሽ።»

«ነኝ። ከባሕር ዳር።»

«እሺ» አለ።

«ጋሼ፣ ገመዱን ይፍቱልኝ፤ ገመድ ጀልባ ይልቀቅ፣ ጀልባ ከድልድይ ሥር ይውጣ፣ ድልድይ በረዶ ያሻግር፣ በረዶ ዓሣ ያቀዝቅዝ፣ ዓሣ ዳቦ ይግባ፣ ዳቦ ጉሮሮ ይውረድ፣ ማኅተም ካርድ ይምታ።»

እጆቹን አሳያት። «አፍ ካልቀመሰ እጅ አይታዘዝም።»

እነሆ አፍ አልጎርስም አለ፤ እጅ ገመድ አልፈታም አለ፤ ገመድ ጀልባ አልለቅም አለ፤ ጀልባ ከድልድይ ሥር አልወጣም አለ፤ ድልድይ በረዶ አላሻግርም አለ፤ በረዶ ዓሣ አላቀዘቅዝም አለ፤ ዓሣ ዳቦ አልገባም አለ፤ ዳቦ ጉሮሮ አልወርድም አለ፤ ማኅተም ካርድ አልመታም አለ። አንጓች ከዚህ በኋላ የምትሮጥበት ቦታ አልነበራትም።

ብርዛፍ ቦርሳዋን ከፈተች። ለመንገድ የያዙት ጭኮ አለ፣ ገብስ በቅቤ የታሸ። አንጓች ተንበረከከች።

«ይብሉ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው አንገቱን ሰበር አደረገ። «አይ፣ ይቅርብኝ፣ ጠግቤያለሁ።»

አንጓች ደነገጠች። ቃሉ የራሷ ነው። ሰበር ያለው አንገትም የራሷ ነው።

«እሺ ትንሽ ይቅመሱ።»

«ተይኝ፣ ልጄ። በጊዜ በልቻለሁ።»

«የበላችውስ ወፏ ናት» አለች ብርዛፍ ከኋላ። የሽማግሌው ከንፈር ጥግ ትንሽ ተነቃነቀ። ወዲያው ጸና።

ከማዶ አረንጓዴ ኮፍያዎቹ ቁርጭምጭሚታቸውን ያፍታታሉ። ከጋሪው የሚንጠባጠበው ውሃ ቦይ ሠርቷል። ትንሽ ከቆየ በረዶ የለም፤ በረዶ ከሌለ ሰኞም የለም። አንጓች ጭኮውን በጣቶቿ አድቦልቡላ ወደ አፉ ዘረጋች።

«አንጓች ትሙት። አፈር ስሆን። እጄን አልመልስም፤ እዚሁ ይደርቃል።»

ሽማግሌው እጇን አየ። ከዚያ አፉን ከፈተ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለችና ሁለተኛ አጎረሰችው። ሦስተኛውን ራሱ ከእጇ ወሰደ። እያኘከ፣ ውሃውን እያየ ተናገረ።

«በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው ከአሰብ በመርከብ የወጣሁት። የሞተር ክፍል አጣቢ ነበርኩ። ሰሃን ይዘው ትበላለህ ይሉኛል። እናቴ እንዳስተማረችኝ አይ እላለሁ። ሰሃኑ ያልፋል። ሁለተኛ የሚለኝ ሰው እስከ ፈረንሳይ ወደብ፣ እስከ ማርሴይ ድረስ ጠበቅሁ።» ዋጠ። «ከዚያ ለመድኩት።»

«ከአገር ከወጡ ስንት ዓመት ሆነዎት?»

«አርባ ስድስት» አለና ተነሣ። ጣቶቹ አይንቀጠቀጡም።

አፍ ጎረሰ፤ እጅ ገመድ ፈታ። ገመድ ጀልባ ለቀቀ፤ ካፒቴኗ ጡሩንባዋን ነፋች። ጀልባ ከድልድይ ሥር ወጣ። ድልድይ ክንዱን አወረደ፤ ጋሪው ገባ፤ ድልድዩ ጠባብ ነው፤ አረንጓዴ ኮፍያዎቹ ከጋሪው ኋላ ታጉረው ይዘላሉ። አንጓችና ብርዛፍ ጋሪውን ከፊት ያዙት፤ ጎተቱት፤ በረዶው እየተንሿሿ ሮጠ። በረዶ ዓሣ አቀዘቀዘ፤ ዓሣ ሻጩ ከሳጥኑ ተነሣ። ዓሣ ዳቦ ገባ። ጌዚነ እጇን ዘረጋች።

«ትበ—»

«አዎ» አለች አንጓች።

ኮምጣጤና ሽንኩርት ነበር፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ዳቦ ጉሮሮ ወረደ። ማኅተም ካርድ መታ። ጧ። ብርዛፍ ደወሉን ስትደውል አረንጓዴ ኮፍያዎቹ ገና የመጀመሪያ ጉርሻቸው ላይ ነበሩ፤ ቆመው አጨበጨቡ። የረጅሟ አፍ ስለ ሞላ የተናገረችውን ማንም አልሰማም።

ብስክሌቶቹ መጡ። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። አንጓች ቀዩን ይዛ ኮርቻውን በመዳፏ ስትነካ፣ ሽማግሌው ገመዱን ጠቅልሎ በጠረጴዛው አጠገብ ሲያልፍ አየችው። ጌዚነም አየችው፤ ዳቦ ዘረጋችለት።

«ትበላለህ?»

«አይ» አለ።

ጌዚነ እጇን ልትመልስ ነበር። አንጓች በተሰባበረ ጀርመንኛዋ፣ «ድገሚው» አለቻት። ጌዚነ ጠየቀች። «አይ» አለ። «እንደገና» አለች አንጓች። ጌዚነ እየሳቀች ሦስተኛ ጠየቀች።

ሽማግሌው ዳቦውን በሁለት እጁ ተቀበለ።

ሰኞ ጎሕ ሳይቀድ አንጓች ቀዩን ብስክሌት እየጋለበች ወደ ዳቦ ቤቱ ወንዙን ተሻገረች። ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌንም ዓሣ በገባበት ዳቦ አብሱልኝ። አይ ብል አትመኑኝ፤ ደግማችሁ ጠይቁኝ።