የሹፌሩ ጭልፊት

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፣ ስልክ ኪሳችን ከገባ ወዲህ ነው፣ አዳማ ውስጥ ሦስት እህትና ወንድሞች ነበሩ። ትልቁ ደረሰ፣ መካከለኛዋ ፋሲካ፣ ታናሹ ልዑል። አባታቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ጭነት እስኪወርድ ሲጠብቅ በስልኩ፣ ከቦታ ቦታ እየዞሩ አውሬና ወፍ የሚያጠምዱበትን ጨዋታ ይጫወታል። አንድ ቀን አዋሽ ላይ ሰማያዊ ጭልፊት ያዘና በሚስቱ ስም እቴነሽ አላት። በሳምንቱ ሞተ። መኪናው የሰው ስለነበር ለልጆቹ የተወው ይህችኑ ነው።

ልጆቹ ውርስ እኩል እንካፈል አሉ። አንዲት ወፍ ለሦስት! ይህን የሰማ ጌታሰው የሚባል ስልክ ጠጋኝ «እኔ ጋ ወርቃማ ቃጭል አለ» አላቸው። በጨዋታው ውስጥ ቃጭሉን እየመቱ መረብ ከጣሉ ወፍ አያመልጥም ይባላል። «ጭልፊቷን በመያዣ ስጡኝ፤ በቃጭሉ ሁለት መሰሎቿን ይዛችሁ ትካፈላላችሁ። ካልሠራ ወፋችሁን እመልሳለሁ፤ ጎረቤት ምስክሬ ነው!» አመኑት፣ የዋሆች።

ደረሰ ቃጭሉን እየመታ አራት መቶ ጊዜ መረብ ጣለ፤ ሳይመታም አራት መቶ ጊዜ ጣለ። ለቃጭሉ አንድ ጣሳ፣ ያለ ቃጭሉ ሌላ ጣሳ አድርጎ፣ ወፍ በያዘ ቁጥር በጣሳው አንድ ሽምብራ ይጨምራል። ወፍ ፍለጋ ከተማውን ሲዞር ሦስት ወር ፈጀ፤ ከሥራውም ተባረረ። ሽምብራው ሲቆጠር በቃጭሉ ስድሳ አንድ፣ ያለ ቃጭሉ ስድሳ ሦስት፤ ሰማያዊ ጭልፊት ግን አንድም የለ። ጣሳዎቹን ይዞ ሲሄድ ጌታሰው ሳቀበት። «እድልህ ነው ወንድሜ፣ ቃጭሉ ምን ያድርግ?» እንዲህ ያለ ሰው አይግጠማችሁ!

የፋሲካ ደም ፈላ። ጣሳዎቹን ተቀብላ ሱቁ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ለገባ ለወጣው ሁሉ ሽምብራውን ዘርግታ ትቆጥራለች። ፀሐይ አላስነሳትም፣ ስድብ አላስነሳትም። የጌታሰው ሚስት መጥታ ብታለቅስባት «ወፏን» ብቻ አለች። በሁለት ወር ሱቁ ደጃፍ ድርሽ የሚል ደንበኛ ጠፋ። እሱ ግን «ለምኜ እበላለሁ እንጂ አልመልስም!» አለ። ይሄ ሰው ምን ዓይነት ልብ ነው ያለው?

ልዑል እስከዚያ ነገሩ ውስጥ አልገባም ነበር። አንድ ጠዋት ጌታሰው ጋ ገባና «ከእነሱ ጋር ተጣልቻለሁ። ወፏን ለእኔ ስጠኝ፤ ፋሲካን አስነሳልሃለሁ፣ ቃጭሉ ይሠራል ብዬም በሰው ፊት እመሰክርልሃለሁ። ብዋሽ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!» አለው። ጌታሰው ሰጠው። ልዑል ወፏ ስልኩ ላይ መግባቷን አየና በሩ ላይ ቆሞ «ቃጭሉ ባዶ ነው! እሱም ሌባ ነው!» ብሎ ሰፈሩን በጩኸት አናጋው። በዚያው ሳምንት ሱቁ ተዘጋ። አልዋሽም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አሁን ችግሩ ምን መሰላችሁ፤ ጨዋታው አንዲትን ወፍ ከሰው ወደ ሰው የሚያሻግረው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ለጌታሰው ስትሄድና ለልዑል ስትመለስ ሁለቱ አልቀዋል። ከዚህ በኋላ እቴነሽ የሄደችበት ትቀራለች።

ደረሰ «ያለ እኔ ቁጥር ማን ያምናችሁ ነበር?» ይላል።

ፋሲካ «ቁጥርህንማ ሳቀበት፤ ያንበረከክሁት እኔ ነኝ» ትላለች።

ልዑል «ታዲያ ማን አመጣት?» ይላል።

«በአባባ አጥንት በሐሰት ምለህ!» ይሉታል ሁለቱ።

«ለአባባ ብዬ ነው የማልኩት!» ይላል እሱ።

እናታቸው ፍረጂ ብትባል ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔም በዚሁ ጉዳይ ከባሌ ጋር ተኳርፌ ሦስተኛ ቀኔ ነው። በሉ እናንተ ፍረዱ፤ የአባትየው ወፍ ለማን ትገባለች?