ዳሱ ከተነሣ በኋላ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ እማማ አትጠገብ፣ ስንዱ ጥያቄዋን እንደጨረሰች። ስንዱ ከወለደች ሰባተኛ ወሯ ነው። ሕፃኑን እያጠባች የጠየቀቻቸው ይህን ነበር፦ ፀጉሬ በማበጠሪያ ሙሉ ይረግፋል፤ ልጁን ሳነሣው የእጄን አንጓ ይወጋኛል፤ ቁጭ ባልኩበት ልቤ ድው ድው ይላል፣ ጣቶቼም ይንቀጠቀጣሉ። ምን ነክቶኝ ነው? የሰው ዓይን ይሆን?

«ሰውየው ከአባቱ የወረሰው የጭቃ ቤት ነበረው። ሴት ልጁን ሊድር ዳስ ጣለ። የዳሱን ጣሪያ ከቤቱ ክፈፍ ጋር አሰረው። ሰው እንደ ልብ እንዲያልፍም አጥሩን ከፈተ። ሰርጉ አማረ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አገር በላ ጠጣ።

«ዳሱ ተነሣ፣ እንግዳውም ሄደ። ሰውየው ግን ቤቱ ሌላ ቤት ሆነበት። ክፈፉ አዘንብሏል። ነፋስ ይገባል። ያልነበረ ጉድጓድ ደጁ ላይ እግሩን ይጠልፈዋል። በሩን ሲዘጋ ቤቱ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ከላይም ደቃቅ ዱቄት ወጡ ላይ ይረግፋል። ክረምት ሊገባ ሁለት ሳምንት ቢቀረው ነው፤ ቤቱ ቢወድቅበት ሌላ መጠጊያ የለውም። ‹ጎረቤቴ ነው፤ ሰርጌን አይቶ ዓይኑ ቀልቶ ነው› አለ። የጎረቤቱንም ሰላምታ መመለስ ተወ።

«ሚስቱ ቢሰለቻት አንድ ሽማግሌ አናጢ ጠርታ አመጣች። አናጢው ቤቱን እየዞሩ ጠየቁ።

«‹ክፈፉን ማን ጎተተው?›

«‹ዳሱን ያሰርንበት ነው።›

«‹ነፋሱስ?›

«‹አጥሩን ለእንግዳ ከፍተነው ነው።›

«‹ጉድጓዱስ?›

«‹የዳሱ ቋሚ የተተከለበት ነው› አለና ሰውየው ሳቀ። ‹ለካ ሁሉም የሰርጉ ነው! ጎረቤቴን በከንቱ አማሁት። በሉ አባባ፣ ቁጭ ይበሉና ጠላ ይቅመሱ።›

«አናጢው አልተቀመጡም። ወደ መካከለኛው ምሰሶ ሄደው በመዶሻቸው አንኳኩት። ድምፁ የባዶ ቅል ድምፅ ነበር። በጥፍራቸው ቢፍቁት ምስጡ ፈሰሰ።

«‹ይህንንስ ሰርግ በላው?› አሉት።

«በማግስቱ ምሰሶው ተለወጠ። ክፈፉ ግን እስከ መስከረም እንዳዘነበለ ቆየ፤ ቀስ እያሉ አቀኑት። ቤቱም በክፈፉ የተነሣ አልወደቀም።»

እማማ ወደ ስንዱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሰውነትሽ ሰርግ ደግሷል። ዘጠኝ ወር ዳስ ጥሎ፣ ይኸው እስከ ዛሬ እንግዳውን እያበላ ነው። ፀጉርሽ የክፈፉ ዓይነት ነው፤ ስንቶቻችን ረግፎብን መልሶ በቅሎልናል። አንጓሽም ይህን ወፍራም ልጅ ቀን ሙሉ ስታነሺው ስትጥዪው የመጣ ይመስለኛል። ጎረቤት አትጠርጥሪ።»

ስንዱ ፊቷ ፈካ። «እሰይ! እንግዲያ ልቤም የወሊዱ ነዋ፤ ይተወኛል።»

«እሱን አላውቅም» አሉ እማማ። «ሊሆንም ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። እኔ መዶሻ የለኝም፤ ያላቸው ጤና ጣቢያ ያሉት ናቸው። ነገ ጠዋት እንሄዳለን፤ ፀጉሩንም አንጓውንም ልቡንም አንድ ሳታስቀሪ ትነግሪያቸዋለሽ። ጸበልም እንጠጣለን፤ ምሰሶው ግን ይንኳኳ። ልጁን እኔ አዝልልሻለሁ።»