የባላምባራስ ዘውገ ጀግና

ባላምባራስ ዘውገ ጦር ሜዳ ሳይረግጡ የተሾሙ ሰው ነበሩ አሉ። ጃፓኖች ድሮ እንጨት ቀርጸው በወረቀት ያተሙትን የጦርነት ሥዕል እየሰበሰቡ የእንግዳ ቤታቸውን ግድግዳ ሞሉት። መስተዋት ይደረግበት ቢሏቸው፣ «እነዚህ እኮ ሕያዋን ናቸው፤ ይታፈኑብኛል!» ብለው እምቢ አሉ። እንግዳም ቢሆን «አዎ፣ ይተነፍሳሉ» ካላለ ጠጅ አይቀዳለትም።

አንድ ቀን ቤት ጠራጊዋ በአንዱ ወታደር ፊት ላይ የዝንብ እድፍ አየችና በእርጥብ ጨርቅ እሽት ብታደርገው፣ ቀለሙ ለቆ ሰውየው ከነፈረሱ ጠፋ። ወዲያው ባላምባራስ እንግዶች አስከትለው ገቡ።

«አንቺ የጉድ ሙዳይ! ጀግናዬን የት አደረስሽው? አሁኑኑ መልሺው፤ አለዚያ ጨርቅሽን ጠቅልለሽ ውጪልኝ!»

የልጆቿ ጉሮሮ ትዝ አላት፤ ግን አፏ መች ይያዛል!

«ጌታዬ፣ ሕያው ነው ሲሉ የኖሩት እርስዎ ነዎት። ጦርነት የገባ ሕያው አይሞትም እንዴ? ገዳዩ ይኸው ጎራዴውን እንደ መዘዘ ከፊቱ ቆሟል፤ እሱን ይጠይቁት። እኔማ ሬሳውን አጥቤ ቀበርኩልዎት!»

እንግዶቹ በተራ እየተነሡ፣ «እግዜር ያጥናዎት፣ ባላምባራስ» አሏቸው።

ባላምባራስም ቢቸግራቸው፣ «በይ፣ ለለቀስተኛው ጠጅ ቅጂ!» አሏት።